ሆድን የሚነፉ ምግቦችን ለይቶ ስለ ማወቅ

በጤና ጣቢያ ተቀምጠን በሽተኛ ስንቀበልም ሆነ በየመንደሩ ቤት ለቤት ስንዞር፣ አዘውትረን ከምንሰማው አቤቱታ አንዱ «ሆዴን ነፋኝ» የሚለው ነው። አንዱ «ይጮኽብኛል» ይላል፤ ሌላው «ይቆርጠኛል፣ ያስገሳኛል» ይላል፤ አንዳንዱም ነገሩን በስሙ ለመጥራት አፍሮ እጁን በሆዱ ላይ አድርጎ ዝም ይላል። ምክንያቱን የጠየቅን እንደ ሆነ መልሱ የተዘጋጀ ነው፤ ወይ «ብርድ ገብቶኝ ነው»፣ ወይ «ጨጓራ አለብኝ»፣ ወይም «ሽሮ አይስማማኝም» የሚል ነው።

እንግዲህ በመጀመሪያ የሚከሰሰው ሽሮ ነው። ከዚያም ምስሩ፣ ክኩ፣ ባቄላው ተራ በተራ ከቤት ይባረራል። ነገር ግን ሥጋና ዕንቁላል በየቀኑ በማይገኝበት ቤት፣ ሰውነትን የሚገነባው ዋናው ምግብ ጥራጥሬ ነው። ያለ ማስረጃ ያባረርነው እንደ ሆነ ሁለት ጉዳት ይደርሳል። አንደኛ፣ ቤተ ሰቡ ገንቢ ምግብ ያጣል። ሁለተኛ፣ እውነተኛው ምክንያት ሳይታወቅ ይቆያል። «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» እንደሚባለው ይሆናል ማለት ነው።

ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የምናስረዳው የሆድ መነፋት ከምን እንደሚመጣ፣ የማይስማማንን ምግብ በቤታችን እንዴት ለይተን እንደምናውቅ፣ እንዲሁም ነገሩ ከምግብ አልፎ በሽታ መሆኑ በምን እንደሚታወቅ ነው።

አየሩ ከየት ይመጣል?

በአንጀት ውስጥ አየር መኖሩ በራሱ በሽታ አይደለም። ጤነኛ ሰው በቀን ከ10 እስከ 20 ጊዜ ያህል በታች በኩል አየር ያስወጣል። የአየሩም ጠቅላላ መጠን በቀን ከግማሽ ሊትር እስከ አንድ ሊትር ተኩል ገደማ ይሆናል። አብዛኛው ናይትሮጅን፣ ሃይድሮጅንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ እነዚህም ሽታ የላቸውም። ሽታውን የሚያመጣው ድኝ ያለበት እጅግ ጥቂት ጋዝ ብቻ ነው። እንግዲህ የሁሉም ሰው ነገር ስለ ሆነ፣ ሐኪም በጠየቀ ጊዜ ሳያፍሩ በግልጽ መናገር ይገባል።

አየር ወደ ሆድ የሚደርሰው በሁለት መንገድ ነው።

የመጀመሪያው መንገድ አፍ ነው። ምግብን ሳያላምጡ ፈጥኖ መዋጥ፣ ጉርሻ በአፍ ሞልቶ ማውራት፣ ማስቲካ ማኘክ፣ ሲጋራ ማጨስ አየር ያስውጣል። ለስላሳ መጠጥ፣ አምቦ ውሃና ቢራም ጋዛቸውን ይዘው ይገባሉ። ይህ አየር የሚመለሰው በአብዛኛው በግሳት ነው። ብዙ ሰው «አምቦ ውሃ አስገስቶ ያቀልለኛል» ይላል፤ የሚያስገሳው ግን በአብዛኛው ራሱ ይዞት የገባውን ጋዝ ነው።

ሁለተኛው መንገድ ትልቁ አንጀት ነው። የምንበላው ምግብ ተፈጭቶ ወደ ደም የሚገባው በትንሹ አንጀት ነው። ነገር ግን አንዳንድ የስኳርና የአሰር ዐይነቶች በትንሹ አንጀት ሊፈጩ ስለማይችሉ እንዳሉ ወደ ትልቁ አንጀት ይወርዳሉ። በዚያ የሚኖሩት ቁጥር ስፍር የሌላቸው ባክቴሪያዎች እነዚህን ይበሉና ጋዝ ይለቅቃሉ።

ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ የሊጡን ዕቃ መመልከት ይበቃል። የጤፍ ሊጥ በእርሾ ሲቦካ አረፋ ያወጣል፤ ምጣድ ላይ ሲሰፋም የእንጀራውን ዐይን የሚያወጣው ያው ጋዝ ነው። በቡሖ ዕቃ ውስጥ የሚደረገው በትልቁ አንጀታችንም ውስጥ ይደረጋል። ልዩነቱ ይህ ነው፤ ሊጡ በዕቃው ቢቦካ ጋዙ ውጭ ይቀራል፤ ምግቡ በአንጀት ቢቦካ ግን ጋዙ ከእኛ ጋራ ይሆናል።

ብዙ ጊዜ ሆድን የሚነፉ ምግቦች

1ኛ. ጥራጥሬ፦ ባቄላ፣ አተር፣ ሽምብራ፣ ምስር፣ አደንጓሬና አኩሪ አተር ራፊኖስና ስታኪዮስ የሚባሉ ስኳሮች አሉባቸው። የሰው አንጀት እነዚህን የሚፈጭ ኤንዛይም የለውም፤ ስለዚህ በማንኛውም ሰው ሆድ ጥቂት ጋዝ ያመጣሉ። ይህ ፍጥረታቸው ነው እንጂ መርዝነት አይደለም።

2ኛ. ሽንኩርትና ስንዴ፦ ቀይ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ስንዴና ገብስ ፍሩክታን የሚባል የማይፈጭ ስኳር አለባቸው። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ የሽሮ ወጥ ሲሠራ ሽንኩርቱ ስንት ነው? «ሽሮ ነፋኝ» የሚለው ሰው ምናልባት የነፋው የቁሌቱ ሽንኩርት ይሆናል። ለሆድ መድኃኒት ይሆናል ብለው ጥሬ ነጭ ሽንኩርት የሚበሉም ሰዎች አንዳንድ ጊዜ ሕመማቸውን ያባብሱታል።

3ኛ. ጥቅል ጎመን፣ አበባ ጎመንና እነዚህን የመሰሉ አትክልቶች፦ ጋዙን ከማብዛታቸውም በላይ ድኝ ስላለባቸው ሽታውን ያከብዱታል።

4ኛ. ወተት፦ በወተት ውስጥ ላክቶስ የሚባል ስኳር አለ፤ በአንድ ብርጭቆ፣ ማለት በ250 ሚሊ ሊትር የላም ወተት ውስጥ 12 ግራም ያህል ይገኛል። ይህን የሚፈጨው ላክቴስ የሚባለው ኤንዛይም ነው። ሕፃናት ሁሉ ማለት ይቻላል ይህ ኤንዛይም አላቸው፤ ጡት ከተዉ በኋላ ግን በብዙ ሰው ላይ እየቀነሰ ይሄዳል። በዓለም ላይ ካሉት ዐዋቂዎች ከግማሽ የሚበልጡት እንዲህ ናቸው። ከጥንት ጀምሮ በወተት ከሚኖሩት አርብቶ አደሮች መካከል ግን ዐዋቂ ሆነውም ወተት በደንብ የሚስማማቸው ብዙዎች ናቸው።

5ኛ. ፍራፍሬና ጣፋጭ፦ ፖም፣ ማንጎና ማር አብዝቶ የበላ ሰው ሆዱ ሊነፋ ይችላል። «ስኳር የለበትም» ተብለው በሚሸጡ ማስቲካና ከረሜላ ውስጥ የሚገባው ሶርቢቶልም እንደዚሁ ነው።

ከእነዚህ ጋራ የሚምታቱ ሁለት ነገሮች አሉ። ቅባት የበዛበት ምግብ ከጨጓራ ቶሎ ስለማይወርድ የመክበድና የመጥገብ ስሜት ያመጣል፤ ጋዝ ግን ብዙ አያወጣም። በርበሬም ያቃጥላል እንጂ አይነፋም። ስለዚህ መነፋትን፣ መክበድንና ማቃጠልን መለየት ያስፈልጋል፤ ሦስቱም «ሆዴን አመመኝ» ተብለው ይነገራሉ፤ ምክንያታቸው ግን ልዩ ልዩ ነው።

ሰዓቱን መመልከት

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በሰዓቱ ነው። ሆዱ በተነፋ ጊዜ መጨረሻ የበላውን ይከሳል። ነገር ግን፦

ሀ. የተዋጠ አየር ወዲያው፣ ገና ከገበታ ሳይነሡ ያስገሳል።
ለ. ወተት የማይስማማው ሰው ከጠጣ ከግማሽ ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ መነፋትና መጮኽ ይጀምረዋል፤ አንዳንድ ጊዜም ያስቀምጠዋል።
ሐ. ጥራጥሬና ጎመን ግን ትልቁ አንጀት እስኪደርሱ ብዙ ሰዓት ይፈጅባቸዋል።

እንግዲህ ሌሊት ሆዳችሁን ሲያስጮኽ ያደረው የራቱ እንጀራ ሳይሆን የቀኑ ንፍሮ ሊሆን ይችላል።

ለይቶ የማወቂያው ዘዴ

አንዲት እናት ወደ ጤና ጣቢያ መጥተው «ልጄ፣ ሽሮ ጠላቴ ሆነ» አሉን።

«እናቴ፣ ሽሮ የተዉት መቼ ነው?» ስንል ጠየቅናቸው።

«ለዐቢይ ጾም መያዣ ነው።»

«ያን ጊዜ ተሻለዎት?»

«ኧረ ምን አለኝ! በጎመንና በድንች ጾሜ ሆዴ ጸጥ ብሎ ከረመ። ከፋሲካ ወዲህ ነው እንደገና የተነሣብኝ። ምስሩ ይሆናል ብዬ ምስሩን ተውኩ፤ ክኩ ይሆናል ብዬ ክኩን ተውኩ። ምንም አልረዳኝ።»

«ጧት ጧትስ ምን ይጠጣሉ?»

«ላሚቱ ከወለደች ወዲህ ወተት ነዋ! ደክመሻል፣ ይጠግንሽ ብለው አንድ ትልቅ ብርጭቆ ይሰጡኛል።»

አንባቢ ሆይ፣ ነገሩን ሳትደርሱበት አትቀሩም። እኚህ እናት ለጾም መያዣ ሽሮ ብቻ የተዉ መሰላቸው እንጂ፣ በጾሙ ምክንያት ወተቱንም 55 ቀን ሙሉ ትተውት ነበር። ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ተወ፤ ምስጋናው ግን ሽሮ በመተዉ ተሰጠ። ከፋሲካ በኋላ ወተቱ ተመለሰ፤ ሕመሙም ተመለሰ፤ ተከሳሹ ግን አሁንም ጥራጥሬ ሆነ። ከሁሉ ይልቅ ያሳዘነን ደግሞ የልጆቹ ነገር ነው። ድስቱ አንድ ስለ ሆነ እናትዮዋ የተዉትን ልጆቹም ተዉት፤ ወተቱም ለእናትዮዋ ይሰጥና የተረፈው ይሸጥ ነበር። የትንሿ ልጅ ክብደት ሲመዘን ከሚገባው በታች ሆኖ ተገኘ። በዚያ ቤት ገንቢ ምግብ አልጠፋም ነበር፤ የጠፋው ትክክለኛው ፍርድ ነው።

ያደረግነው ሥራ ቀላል ነው፤ እናንተም በቤታችሁ ልታደርጉት ትችላላችሁ። ቅደም ተከተሉም የሚከተለው ነው።

1ኛ. ደብተር ያዙ። ለ2 ሳምንት ያህል ምንም ምግብ ሳትለውጡ የበላችሁትንና የጠጣችሁትን ሁሉ ከነሰዓቱ ጻፉ። «ሽሮ ወጥ» ብሎ መጻፍ አይበቃም፤ ሽንኩርቱ፣ ዘይቱ ወይም ቅቤው፣ መጠኑም ይጻፍ። በሌላ መስመር ሆዱ የተነፋበትና የቆረጠበት ሰዓት ይመዝገብ። ሰገራው እንዴት እንደ ነበረ፣ ሴት ከሆነች የወር አበባዋ ቀን፣ የተጨነቁበትና እንቅልፍ ያጡበት ቀንም ይጻፍ፤ እነዚህም ሆድን ያውካሉና። መጻፍ የማይችል ሰው ተማሪ ልጁ ይጻፍለት። እኚያ እናት 6ኛ ክፍል የምትማር ልጃቸው ጽፋላቸው ነበር።

2ኛ. ደብተሩን መርምሩ። የሕመሙ ቀኖች ምን ያመሳስላቸዋል? የደኅናዎቹስ ቀኖች? በዚያች ልጅ ደብተር ላይ ረቡዕና ዓርብ ሁልጊዜ ደኅና ቀን ሆነው ተገኙ። በሌሎቹ ቀኖች ግን ወተቱ ጧት በ1 ሰዓት ይጠጣል፤ ከ2 ሰዓት በኋላ ሆዱ መጮኽ ይጀምራል። የጾም ቀን በጥሩ ዐይን ለተመለከተው ሰው ያለ ወጪ የተገኘ መመርመሪያ ነው።

3ኛ. አንድ ብቻ ተዉ። የተጠረጠረው አንድ ምግብ ለ2 ሳምንት ይቅር፤ ሌላው ሁሉ እንደ ነበረ ይቀጥል። ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ የተወ ሰው የትኛው እንደ ረዳው ሊያውቅ አይችልም።

4ኛ. መልሳችሁ ሞክሩ። ይህ ብዙ ሰው የሚዘለው ደረጃ ነው። ደኅና ከሆናችሁ በኋላ ምግቡን በመጀመሪያ ቀን በጥቂቱ፣ በማግስቱ ጨመር አድርጋችሁ፣ በሦስተኛው ቀን እንደ ልማዳችሁ ብሉት። ሕመሙ ከተመለሰ ጥፋተኛው ተገኘ ማለት ነው። ካልተመለሰ ምግቡ ነፃ ነውና ወደ ገበታው ይመለስ፤ ሌላ ተጠርጣሪ ፈልጉ።

5ኛ. ልኩን እወቁ። የማይስማማ ምግብ ሁልጊዜ ጨርሶ የሚተው አይደለም። ወተት የማይስማማቸው አብዛኞቹ ዐዋቂዎች አንድ ሲኒ ወተት ከምግብ ጋራ ቢጠጡ ብዙም አይሰማቸውም። እኚያ እናትም ትልቁን ብርጭቆ ትተው እርጎና አይብ ያዙ፤ ሽሮውንም በጥቂት በጥቂቱ መለሱት።

ይህን ሙከራ በሕፃን፣ በነፍሰ ጡር፣ በሚያጠቡ እናቶችና በስኳር ወይም በሌላ በሽታ መድኃኒት በሚወስዱ ሰዎች ላይ የጤና ባለ ሙያ ሳያማክሩ ማድረግ አይገባም።

በማእድ ቤት ምን ይደረግ?

ጥራጥሬን ከማባረር አሠራሩን ማሻሻል ይሻላል። የንፍሮና የወጥ ባቄላ፣ አተር፣ ሽምብራና አደንጓሬ ሌሊቱን በብዙ ውሃ ተዘፍዝፎ ይደር። ጧት የተዘፈዘፈበት ውሃ ይደፋ፤ በአዲስ ውሃም ይቀቀል። ጋዝ የሚያመጣው ስኳር ከፊሉ ከውሃው ጋራ ይሄዳልና። አባቶቻችንና እናቶቻችን ግብጦን ውሃውን እየለወጡ ለብዙ ቀን የሚዘፈዝፉት መራራውና ጎጂው ነገር እንዲወጣለት ነው፤ ለባቄላም ከዚያ ጥበብ ጥቂቱን መዋስ ነው። ባቄላውን አብቅሎ በቆልት ማድረግም ይህንኑ ስኳር ይቀንሰዋል።

የተፈጨ ሽሮ ሊዘፈዘፍ አይችልም። ስለዚህ ሳይቸኩሉ በደንብ ማንተክተክ፣ ሽንኩርቱን መቀነስና በአንድ ጊዜ በጥቂቱ መብላት ይሻላል። ጥራጥሬ ያልለመደ ሆድ ጾም በገባ ሰሞን ይነፋል፤ ለብዙ ሰው ግን በጥቂት ሳምንት ውስጥ እየተላመደው ይሄዳል። ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንት ተስፋ አትቁረጡ።

ለሽሮ በምትገዙት እህል ውስጥ ጓያ አብዝታችሁ እንዳትቀላቅሉ እናስጠነቅቃለን። የጓያ ነገር እንደ ባቄላ የመንፋት ጉዳይ አይደለም፤ ለረጅም ጊዜ ዋና ምግብ አድርጎ የበላውን ሰው እግሩን አሽመድምዶ የሚያስቀር መርዝ አለበት።

ወተትን በሚመለከት፣ እርጎ ሲረጋ ባክቴሪያዎቹ ከስኳሩ ከፊሉን ይበሉታል፤ አይብም ሲወጣ ብዙው ስኳር ከአጓቱ ጋራ ይቀራል፤ በቅቤ ውስጥ ያለውም እጅግ ጥቂት ነው። ነገር ግን ወተቱ ለእርጎ ከመርጋቱ በፊት መፍላት አለበት፤ ጥሬ ወተት የሳንባ ነቀርሳና የብሩሴላ በሽታ ሊያስተላልፍ ይችላል። ከፈላና ከቀዘቀዘ በኋላ ጥቂት ጥሩ እርጎ ጨምሮ በንጹሕ ዕቃ ማርጋት ይቻላል።

ስለ አራስና ስለ ሕፃን

በየቤቱ አራስ ሴትን «ሽሮና ጎመን ከበላሽ ሕፃኑን ይነፋዋል» ብሎ መከልከል የተለመደ ነው። ይህ ትክክል አይደለም። በእናትየዋ አንጀት የተፈጠረ ጋዝ ወደ ጡቷ ወተት አይገባም። የምታጠባ ሴት ከሌላው ጊዜ ይልቅ ብዙ ገንቢ ምግብ ያስፈልጋታል፤ ከገንፎውና ከአጥሚቱ ጋራ ጥራጥሬውም ይሰጣት።

ሕፃኑ ባለቀሰ ጊዜ ሆዱን ነፍቶት ነው ብለው ቅቤ የሚያውጡት፣ በስኳር የተበጠበጠ ውሃ ወይም የጤና አዳም ጭማቂ የሚያጠጡት አሉ። ይህ እጅግ አደገኛ ነው። ሕፃን እስከ 6 ወር ድረስ ሐኪም ካዘዘው መድኃኒት በቀር ከእናት ጡት ሌላ ውሃ እንኳ አያስፈልገውም። ጡት ከጠባ በኋላ ትከሻ ላይ አቁሞ ጀርባውን ቀስ አድርጎ መታ መታ ማድረግ ይበቃል።

ጥፋቱ የምግቡ ባልሆነ ጊዜ

ደብተሩ ተይዞ፣ ምግቡ ተሞክሮ፣ ሕመሙ ያልተለየ እንደ ሆነ ነገሩ ከምግቡ ሳይሆን ከንጽሕናው ሊሆን ይችላል።

ጃርዲያ የሚባለው ጥቃቅን ተሐዋስያን ባልተጣራ ውሃና ባልታጠበ እጅ ይገባል። ሆድን ይነፋል፤ ክፉ ሽታ ያለው አየርና ቅባት የመሰለ ሰገራ ያመጣል፤ ለብዙ ሳምንትም ይቆያል። ከዚህም በላይ አንጀትን ስለሚጎዳ ወተት ይስማማው የነበረውን ሰው ለጊዜው እንዳይስማማው ያደርጋል። አሜባ፣ ወስፋትና ጥሬ ሥጋ በመብላት የሚገኘው የኮሶ ትልም ሆድን ያውካሉ። እነዚህ ሁሉ የሚታወቁት በሰገራ ምርመራ ነው፤ መድኃኒትም አላቸው። እያንዳንዱ የራሱ መድኃኒት ስላለው ሳይመረመሩ ከሱቅ ገዝቶ መዋጥ አይገባም።

«ጨጓራ አለብኝ» የሚለውም ሰው ሁልጊዜ በርበሬውንና ሽሮውን ሊከስ አይገባውም። ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን የተባሉ የአውስትራሊያ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1982 ሔሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለውን ባክቴሪያ ከሰው ጨጓራ አግኝተው አሳደጉ፤ ብዙው የጨጓራና የትንሹ አንጀት ቁስል ከዚህ እንደሚመጣም አስረዱ። ስለዚህም ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ2005 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ባክቴሪያው ያለበት ሰው ሁሉ አይታመምም፤ ቁስል ያመጣበት ሰው ግን ሐኪም ባዘዘው መድኃኒት ሊድን ይችላል።

መከላከያው በቤታችን ነው። ከመጸዳጃ ቤት ሲወጡ፣ ሊጥ ከመንካትና ምግብ ከማቅረብ በፊት እጅን በሳሙና፣ ሳሙና ከታጣም በንጹሕ አመድ መታጠብ፤ መጸዳጃ ቤት መሥራትና መክደን፤ ጥሬ የሚበላ አትክልትን በንጹሕ ውሃ አጥቦ ማቅረብ፤ ውሃ አፍልቶ መጠጣት ነው። ውሃው ተንተክትኮ ከፈላ በኋላ 1 ደቂቃ ይቆይ፤ ከ2,000 ሜትር በላይ በሆነ ደጋ አገር ግን 3 ደቂቃ ይፍላ።

ደብተር ሳይያዝ ወደ ሐኪም የሚያስሮጡ ምልክቶች

ከዚህ በታች የተጻፉት ምልክቶች የታዩበት ሰው ምግብ እየለወጠ ጊዜ አያጥፋ።

ሳያስቡት ክብደት መቀነስ፤ ደም ያለበት ወይም እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ፤ ደጋግሞ ማስመለስ፤ ምግብ ሲውጡ መቸገር፤ ትኩሳት፤ የዐይንና የከንፈር መገርጣት፤ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ሕመም። ከ50 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው በአዲስ የጀመረና የማይለቅ መነፋትም፣ በተለይ ለሴቶች፣ መመርመር አለበት።

ከሁሉ የሚያስቸኩለው ግን ይህ ነው፤ ሆድ ተነፍቶ እንደ ከበሮ ሲወጠር፣ ሰገራም አየርም አልወጣ ሲል፣ ማስመለስና ኀይለኛ ቁርጠት ሲኖርበት አንጀት ተጠማዝዞ ወይም ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለውን ሰው ማሸት፣ ኮሶ ወይም ሌላ የሚያስቀምጥ መድኃኒት ማጠጣት ሊገድለው ይችላል። ምንም ሳይቀምስ በዚያው ሰዓት፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ወደ ሆስፒታል ይወሰድ።

ለማጠቃለል፣ ምግብን እንደ ዳኛ ሆነን እንመርምር እንጂ በወሬ አንፍረድ። አንድ ደብተር፣ አንድ እርሳስና የ4 ሳምንት ትዕግሥት ያለው ቤት አብዛኛውን ጊዜ የማይስማማውን ምግብ ለይቶ ያውቃል። የማይስማማው ይቀነስ፤ ነፃ የሆነው ወደ ገበታው ይመለስ፤ እጅና ውሃ ንጹሕ ይሁኑ፤ የአደጋ ምልክት የታየበትም ሰው ወደ ሐኪም ይሂድ። ልጆቻችን በማስረጃ ባልተፈረደ ሽሮ ምክንያት መክሳት የለባቸውም።